ከየካ ኮረብታ ሥር እስከ ቦጎታ

በየካና በኮተቤ የምንኖር ሰዎች ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በራችንን የከፈትን እንደ ኾነ፣ ጨለማው ገና ሳይገፈፍ ወደ እንጦጦ የሚወጡትን ወጣቶች የእግር ድምፅ እንሰማለን። ብቻውን የሚሮጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚበዙት ኹለት ኹለት ኾነው ያልፋሉ። ምክንያቱን አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ አንዱ ስለ ጅብ፣ ኹለተኛው ስለ ውሻ ነገረኝ፤ ሦስተኛው ግን «ብቻዬን ከኾንሁ ከአልጋዬ አልነሣም» ሲል መለሰልኝ። የሦስተኛው መልስ ከኹሉ ይልቅ እውነተኛ ይመስለኛል።

ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ሩጫ አይደለም፤ ከወዳጅ ጋር ወደ ሩቅ አገር ከተማ ስለ መግባት ነው እንጂ። እኔና አንድ የልጅነት ጓደኛዬ በ2011 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ቦጎታ ወደምትባለው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ኼደን ነበርና፣ በዚያ ያገኘነውን እናገራለሁ። ጓደኛዬ ስሙን እንድጽፍ አልፈቀደልኝም። ጽሑፉን ግን አስቀድሞ አንብቦታል፤ በኹለት ስፍራም አርሞኛል።

እኔ በኮተቤ፣ እርሱ በፈረንሳይ ለጋሲዮን አደግን። በወጣትነታችን እንደ ሰፈራችን ልጆች ኹሉ እኛም በእንጦጦ ዳገት ላይ ሮጠናል፤ ነገር ግን ስማችንን ከሰፈር ያሳለፈ አንድ ቀን እንኳ አልነበረም። እኔ ወደ ሌላ ሥራ ገባሁ። እርሱ ግን ሩጫውን መተው ስላልኾነለት የሯጮችን እግር የሚያሽ፣ ውኃና ልብስ የሚያቀርብ ረዳት ኾኖ ቀረ። በቦጎታ ከተማ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የግማሽ ማራቶን ውድድር ይደረጋል፤ ከኢትዮጵያና ከኬንያ የሚኼዱ ሯጮችም ብዙ ጊዜ አሸንፈውበታል። እንግዲህ ጓደኛዬ ከአንድ ወጣት ሯጭ ጋር እንዲኼድ በተጠየቀ ጊዜ፣ እኔም ዕቁቤ ደርሶኝ ስለ ነበር «አብሬህ እኼዳለሁ» አልሁት። ሚስቴ ገንዘቡን ለጣራው ክዳን አስባው ነበርና ለሦስት ቀን አላነጋገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን በሶውን ራሷ አዘጋጀችልኝ።

የመሰናዶው ነገር ለእናቶች የታወቀ ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጥቂት በርበሬ፣ የተቆላ ቡናም ተቋጠረልን። በምንነሣበት ቀን የጓደኛዬን እናት ልሰናበት ወደ ቤታቸው ኼድሁ። እጄን በኹለት እጃቸው ይዘው «ልጄን አደራ፤ ሳትለያዩ ተመለሱ» አሉኝ። ልጃቸው የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። እኔም ሣቅሁና «እሺ እማማ» ብዬ ወጣሁ።

ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት ልንገር። ቦጎታ በአንዲስ ተራሮች መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,640 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የእኛይቱ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ያህል ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የኤኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 2,850 ሜትር ያህል ስትኾን፣ የቦሊቪያ መንግሥት መቀመጫ ላ ፓዝ ከኹሉ ትበልጣለች፤ አይሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳዋ እንኳ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ወደ እነዚህ ከተሞች ከቆላ ወይም ከባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ራሱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ እንቅልፍም ይነሣዋል። የአገሩ ሰዎች ይህን ሕመም ሶሮቼ ይሉታል። ምክንያቱም በከፍታ ላይ አየሩ የሳሳ ነውና፣ አንድ ጊዜ በተነፈስን ቍጥር የምናገኘው ኦክስጅን በቆላ ከሚገኘው ያንሳል።

በአይሮፕላኑ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ስለዚህ ሕመም በምልክት ጭምር ሊያስጠነቅቀን ሞከረ። ጓደኛዬ ደረቱን ነፋ አድርጎ «እኛ የእንጦጦ ልጆች ነን በለው» አለኝ። በምን ቋንቋ እንደምለው ግን አልነገረኝም።

የገባነው በሌሊት ነው። ብርዱ የየካን የሐምሌ ብርድ ይመስላል፤ ዝናቡ ግን እንደ እኛ ክረምት የሚወርድ ሳይኾን እንደ ጉም የሚረጭ ካፊያ ነበር። ቦጎታ ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በአዲስ አበባ ቀትር 6 ሰዓት ሲኾን በዚያ ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህም ሰውነታችን ነግቷል ሲል ከተማይቱ ተኝታ አገኘናት። በመስኮቱ አጠገብ ቆመን ጎሕ እስኪቀድ ጠበቅን። ብርሃን በወጣ ጊዜ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ አንድ ረጅም ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ታየን፤ በላዩም ላይ ባሕር ዛፍ አለ፤ በተራራው ራስ ላይ ደግሞ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ጓደኛዬ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተና «አንተ፣ ተታለናል፤ ከእንጦጦ አልወጣንም» አለኝ።

በእውነትም መመሳሰሉ ያስደንቃል። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። ወደ እኛ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ፣ ማገዶ አጥታ ልትፈታ የተቃረበችውን አዲስ አበባን እንዳጸናት ሽማግሎች ይናገራሉ፤ ዛሬም በእንጦጦ ቍልቍለት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶቻችን ኑሮ ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነው። በአንዲስ ተራሮችም እንዲሁ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። ተራራው ሞንሴራቴ ይባላል፤ ከፍታው 3,152 ሜትር ነው። በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ እንደ ጫኑ አንባብያን ያውቃሉ። በሞንሴራቴ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የወደቀውን ጌታ የሚያሳይ ምስል አለ፤ ምእመናንም ከ1,500 በላይ የሚኾነውን ደረጃ በእግራቸው እየወጡ ይሳለሙታል። ለደካሞች በ1921 ዓ.ም. በገመድ የሚጎተት ባቡር፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ በአየር ላይ በሽቦ የሚኼድ ሠረገላ ተሠርቶላቸዋል። ከተማይቱ በ1530 ዓ.ም. የተቈረቈረች ስትኾን፣ የእኛይቱ በ1879 ዓ.ም. ነውና በዕድሜ እጅግ ትበልጠናለች።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ልባችን ተመላለስን። የሰዎቹ ልብስ ደስ አሰኘን፤ ሩአና የሚሉት የበግ ጠጕር ልብስ ራስ የሚገባበት ቀዳዳ ከመኖሩ በቀር ከእኛ በርኖስና ጋቢ ዘመድ ይመስላል። በየመንገዱ ዳር ሴቶች ከትልቅ ጥርሙዝ ቀጭን ቡና በትንሽ ብርጭቆ እየቀዱ ይሸጣሉ፤ ስሙን ቲንቶ ይሉታል። ጓደኛዬ ቀምሶ «ሦስተኛው ነው፤ አቦሉን ማን ጠጣው?» አለ። ነገር ግን አራት ብርጭቆ ጠጣ። በእሑድ ቀን ብዙ ታላላቅ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲለቀቁ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ልማድ እንደ ኾነም ነገሩን። በእኛም ከተማ በ2011 ዓ.ም. ተመሳሳይ ነገር ተጀምሮ ነበርና፣ ኹለታችንም በመገናኛ አደባባይ ባዶውን አስፋልት ያየንበትን ቀን አስታወስን።

በኹለተኛው ሌሊት ጓደኛዬ ታመመ። የተራራው ሕመም አልነበረም፤ ሆዱን ቈርጦት ትኵሳትም ይዞት ነበር። እስኪነጋ ድረስ ስድስት ጊዜ ተነሣ። በማለዳ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር፤ ቢኾንም «ደኅና ነኝ፣ ልተኛ» አለ።

አኹን የምጽፈውን መጻፍ አይቀለኝም። የዚያን ቀን ሞንሴራቴን ለመውጣት ቀጠሮ ነበረን። ማግስቱ የውድድሩ ቀን ነው፤ ከዚያም በኋላ መመለሻችን ነው። በሩ ላይ ቆሜ ጥቂት አመነታሁ፤ ከዚያም ውኃውን በራስጌው አስቀምጬ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። አልመለሰልኝም፤ ተኝቷል ብዬም አሰብሁ። በእውነት ግን እንዳልተኛ አውቅ ነበር።

ደረጃውን በእግሬ ወጣሁ። አጠገቤ አሮጊቶች መቍጠሪያ እየቈጠሩ ሲወጡ፣ ከቆላ የመጡ ወጣቶች ደግሞ በየመቀመጫው ተዘርግተው ሲያለከልኩ አየሁ። እኔም በእንጦጦ ልጅነቴ ኮራሁ። ከላይ ኾኜ ያን ኹሉ ሚሊዮን ሕዝብ የያዘውን ሜዳ ባየሁ ጊዜ፣ ዘወር ብዬ «አየህ?» ልል አፌን ከፈትሁ። ማንም አልነበረም። ይህ ቃል በአፌ ውስጥ እንደ ቀረ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። መውረድ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቈየሁ።

ስመለስ ከዐሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። በክፍላችን ውስጥ ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ሩአና የለበሱ አሮጊት፣ በጓደኛዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው በማንኪያ አንድ ትኵስ ነገር ያጠጡት ነበር። ይህም ከሸንኰራ ድፍድፍ የሚሠራ፣ አጓፓኔላ የሚሉት መጠጥ ነው። በራስጌው ያስቀመጥሁለት ውኃ ገና ከጧቱ አልቆ፣ ቀኑን ሙሉ መጠየቂያ ቋንቋ አጥቶ ተኝቶ ነበር። ወደ ቀትር ገደማ ሊነሣ ሲል ስለ ወደቀ ድምፁን ሰምተው የመጡት እርሳቸው ናቸው። አሮጊቲቱ እኔን ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ማንኪያውን በእጄ ሰጥተውኝ ወጡ።

ጓደኛዬ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሱ ግን ጥቂት ከጠጣ በኋላ ስለ አበበ ቢቂላና ስለ ማሞ ወልዴ ይነግረኝ ጀመር። ነገሩን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ባውቀውም ዝም ብዬ ሰማሁት፤ ከተመለስሁም በኋላ ቀኑንና ቍጥሩን ከመጻሕፍት አመሳክሬያለሁ።

አበበ የተወለደው በደብረ ብርሃን አጠገብ ጃቶ በምትባል ቀበሌ ነው። ከዚያ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ኹሉ ዛሬም የሚገባው በእኛው በኮተቤ በኩል ነው። በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር ይነገራል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ። ማሞም የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፤ በኮሪያ ዘምቶ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሎምፒክ ሮጧል። ኹለቱም በ1924 ዓ.ም. የተወለዱ እኩዮች ናቸው።

በ1961 ዓ.ም. መባቻ ኹለቱ ወደ ሜክሲኮ ከተማ ገቡ። ይህች ከተማ በሰሜን አሜሪካ እንጂ በደቡብ አይደለችም ብሎ የሚያርመኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነት ነው፤ ቋንቋዋና ደጋነቷ ግን ከቦጎታ ጋር ያስተካክላታል። ከፍታዋ 2,240 ሜትር ስለ ኾነ፣ የየአገሩ ሐኪሞች ስለ አየሩ መሳሳት ብዙ ይከራከሩ ነበር። የእኛዎቹ ግን ከፍታዋም አየሯም ሜክሲኮን በምትመስለው በአሥመራ ተለማምደው ነበር። ጥቅምት 3 ቀን በተደረገው የ10,000 ሜትር ሩጫ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፣ ማሞ በአንድ ሰኮንድ እንኳ ባልሞላ ልዩነት ኹለተኛ ወጣ። በዚያ ሩጫ ስመ ጥሩው አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ ስድስተኛ ኾኖ ሲጨርስ ራሱን ስቶ ወደቀ።

አበበ ግን ከውድድሩ ሳምንት በፊት ግራ እግሩን ታሞ፣ ዐጥንቱ መሰንጠቁን ሐኪሞች አይተውለት ነበር። እስከ ውድድሩ ቀን እንዲያርፍ ነገሩት። ለክብሩ አንድ ቍጥር ተሰጥቶት ነበርና፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ከታላቁ አደባባይ ከሌሎቹ ጋር ተነሣ። 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ማሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በዚያው ማራቶን ዐሥራ አራተኛ ለወጣው አሜሪካዊ ሯጭና ጸሓፊ ለኬኒ ሙር እንደ ነገረው፣ አበበ ከመውጣቱ አስቀድሞ እኔ አልጨርስም፣ አንተ ግን ማሸነፍ አለብህ ብሎ አዞታል። ማሞም 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ሮጦ አንደኛ ኾነ። ኹለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። መራዊ ገብሩ የተባለው ሌላው የአገራችን ሰው ስድስተኛ ወጣ።

ይህን ነግሮኝ ሲጨርስ፣ የሚያጽናናኝ መስሎኝ «ታዲያ ማሞም ወዳጁን መንገድ ላይ ትቶት ኼዶ የለምን?» አልሁት።

«አበበ ማሞን ኺድ ብሎታል፤ አንተን ግን ኺድ ያለህ የለም» አለኝ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረ።

በማግስቱ ውድድሩ ሲደረግ እኔ ከአልጋው አጠገብ አልተነሣሁም። እርሱ ወጣቱን ሯጭ ለመርዳት የመጣ ሰው ነበርና፣ መቅረቱ ከሕመሙ ይልቅ አሳመመው። እኔን ኼጄ ውኃ እንዳቀብልለት ለመነኝ። ይህ ጊዜ ኺድ ያለኝ እርሱ ነውና፣ ልኺድ ወይስ ልቅር ብዬ ተጨነቅሁ። በመጨረሻ አሮጊቲቱን በምልክት ለምኜ አጠገቡ አስቀመጥኋቸውና ኼድሁ፤ ውኃውን አቀብዬ፣ የሩጫውን ፍጻሜ ሳላይ ተመለስሁ። ወጣቱ ከሚሸለሙት አልደረሰም። ማታ መጥቶ የኾነውን ኹሉ ለጓደኛዬ በዝርዝር ነገረው፤ ጓደኛዬም ተቀምጦ እግሩን አሸለት።

ልጆቻቸውን ኹለት አድርገው ወደ ሩቅ አገር ለሚልኩ ወላጆች ከዚህ ጉዞ ያገኘሁትን ጥቂት ነገር ልጨምር። ተጓዦቹ ሳይነሡ በፊት አንዱ ቢታመም ሌላው ምን እንዲያደርግ ይነጋገሩበት፤ እኛ ስለ ገንዘብና ስለ ምግብ ስንነጋገር ይህን ዘለልነው። ፓስፖርትና ገንዘብ በአንድ ቦርሳ አይቀመጥ። ስለ ውኃ፣ ስለ ሐኪምና ስለ ሕመም የሚያስፈልገውን ቃል በአገሩ ቋንቋ በወረቀት አስጽፈው እያንዳንዳቸው ይያዙ፤ ጓደኛዬ ስለ ውኃ የሚናገር አንዲት ቃል ብትኖረው ኖሮ ያን ቀን ባልወደቀ። በደጋ ከተማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝግ ማለትና ውኃ ማብዛት ይገባል፤ ደገኛ ነኝ ብሎ መታበይም አይጠቅምም። በሶው ግን እጅግ ጠቅሞናል፤ ሆዱ ሲሻለው መጀመሪያ የተቀበለው እርሱን ነው። የተቆላውን ቡና ለአሮጊቲቱ ሰጠናቸው። አሽትተው ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እርሳቸውም በጥርሙዝ አቅጥነው ሲያፈሉት አየን።

ስንመለስ ከአይሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ጓደኛዬ እናት ቤት ኼድን። ቡናው ተፈልቶ ይጠብቀን ነበር። አቦሉን ቀድተው ሰጡንና፣ ኹለታችንን በየተራ አይተው «ሳትለያዩ ተመለሳችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ስኒውን አስቀምጬ መናገር ስጀምር ጓደኛዬ ቀደመኝና «አንድ ቀን ብቻ ተለያየን፤ እርሱ ለመሳለም ተራራ ወጥቶ ነበር» አላቸው። እናቱም «ደግ አደረግህ፤ ለእርሱም ጸለይህለት?» አሉኝ። ጓደኛዬ በስኒው ላይ አቀርቅሮ ቡናውን ይጠጣ ነበር።

«አልጸለይሁም፣ እማማ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ስኒዬን ተቀብለው ኹለተኛውን ቀዱልኝ።